ናሙናው ከግማሽ በላይ የዳንዴሊዮን ወገን ብናኝ ነው፤ አካባቢው ሜዳ ነበር ማለት ይቻላል?

የአፈር_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ለውይይት የሚሆን የአበባ ብናኝ ሰንጠረዥ ሰጥቶናል። ናሙናዎቹ የተወሰዱት ከአንድ ጥንታዊ መንደር ቁፋሮ፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ነው። የቦታውን ስም ሆን ብሎ ሰርዞታል። ከታች ባሉት ናሙናዎች የዛፍ ብናኝ በርከት ይላል። ወደ ላይ ሲመጣ ዛፉ ይመነምንና የሰላጣና የዳንዴሊዮን (ቢጫ አበባ ያለው የሜዳ ተክል) ወገን ብናኝ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «በመንደሩ ዙሪያ ምን ሆነ?»

የክፍሌ ልጆች «ሰው መጣ፣ ደኑን ጨፈጨፈ፣ ሜዳ ሆነ» ብለው ጨርሰዋል። እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ግን መምህሩ ፈገግ ሲል አየሁትና ጠረጠርኩ። ምን እያመለጠን ነው?

ማይክሮን_40
መምህርሽ ተንኮለኛ ነው። ደግ አደረገ።

ብናኝ ዘመን የሚሻገረው በውጭ ቅርፊቱ ነው። በውስጡ ያለው ሕያው ነገር ቶሎ ይበሰብሳል። ቅርፊቱ የተሠራው ስፖሮፖለኒን ከሚባል ነገር ሲሆን አሲድ አይበግረውም። ላብ ውስጥ ኖራውን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እናስወግዳለን፤ አሸዋውን ደግሞ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ እናሟሟለን። ይሄ ሁለተኛው ቆዳ ላይ ጠብ ካለ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ክፉ ነገር ነው። ብናኙ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ደህና ሆኖ ይወጣል። ጠላቱ አሲድ ሳይሆን አየር ነው። ኦክሲጅን፣ አንዴ የሚርስ አንዴ የሚደርቅ አፈር፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ቅርፊቱን ይበሉታል።

ለዚህ ነው ውሃ ያልተለየው ረግረግ ውስጥ አሥር ሺህ ዓመት የቆየ ብናኝ ትናንት የረገፈ የሚመስለው። ሰው ሲረግጠውና አመድ ሲደፋበት የኖረ ደረቅ የመንደር አፈር ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዥሽ እንምጣ። ሁሉም ብናኝ እኩል አይበሰብስም። የሣር ብናኝ ክብ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ግድግዳው ስስ ነው። ትንሽ ሲጎዳ ይጨማደድና «ምንነቱ ያልታወቀ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ይገባል። የዳንዴሊዮን ወገን ግን ግድግዳው ወፍራም ነው። ላዩ ላይ ባለ ብዙ ማዕዘን ጉድጓዶች አሉት፤ የጉድጓዶቹ ጠርዝ በእሾህ ታጥሯል። ግማሹ ተበልቶ ቢቀርብልሽ እንኳ በአንድ እይታ ትለዪዋለሽ። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲበሰብስ እሱ ይቀራል፤ የቀረውም ሳይስት ይቆጠራል። መቶኛው የሚተኮሰው ስለበዛ ሳይሆን ሌሎቹ ስለሞቱ ሊሆን ይችላል።

እስኪ ሦስት ዓምድ አይተሽ ንገሪኝ። ምንነቱ ያልታወቀው ስንት ነው? የፈርን ስፖርስ (ፈርን አበባ አልባ ተክል ነው፤ ስፖሩ የሚራባበት ደቃቅ ፍሬ ነው፤ እሱም በቀላሉ አይበሰብስም)? በአንድ ግራም አፈር ውስጥ ያለው የብናኝ ብዛት ወደ ላይ ሲመጣ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ቁፋሮኛው
ማይክሮን ያለውን እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ንቦች።

መሬት ቆፍረው ለየብቻቸው ጎጆ የሚሠሩ ንቦች አሉ። ለእጫቸው ስንቅ ብለው ብናኝ እየጠቀጠቁ ያስቀምጣሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ይህንኑ ቢጫ አበባ ይወዳሉ። የድሮ መንደር ክምር አፈር ለነሱ ምቹ ነው። ሲትሴ ቦተማ የሚባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪ በ1975 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስለዚሁ የዳንዴሊዮን ወገን ጉዳይ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ በደረቅ ቦታ ናሙና ውስጥ ይሄ ወገን ሲበዛ የሚያይ ባለሙያ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

ሻኒዳርን ደግሞ ሳትሰሙ አትቀሩም። በኢራቅ ኩርዲስታን ያለ ዋሻ ነው። በ1960 ራልፍ ሶለኪ የአንድ ኒያንደርታል፣ ማለትም የጠፋ የሰው ዘመድ፣ አጽም አወጣ። ከአጽሙ ዙሪያ የተወሰደውን አፈር አርሌት ለርዋ-ጉራን መረመረችው፤ እንደተጣበቀ የቀረ የአበባ ብናኝ ጥቅል አገኘችበት። በቃ፣ «ኒያንደርታሎች ሙታናቸውን በአበባ ይቀብሩ ነበር» ተባለ። ዓለም ወደደው። እኔም ብሆን እወደው ነበር፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው።

በኋላ ጥያቄ ተነሳ። በ1999 አንድ ጥናት ጣቱን ወደ አይጥ መሰል እንስሳ ጠቆመ፤ አበባ ወደ ጉድጓዷ እየጎተተች የምታከማች አለች። በ2023 ደግሞ ዋሻውን እንደገና የቆፈረው ቡድን የእነዚያን ጥቅሎች ነገር እንደገና አጢኖ ንቦችን ጠረጠረ። አንዱ ምክንያታቸው ቀላል ነው፦ አንድ ጥቅል ውስጥ የተለያየ ተክል ብናኝ ተቀላቅሏል፤ ተክሎቹም በአንድ ወቅት የሚያብቡ አይደሉም። እቅፍ አበባ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰሞን የተቀጠፈ ይሆናል። ንብ ግን በየወሩ ያበበውን ታመላልሳለች።

ለምን_ባይ
እንዴ! ታዲያ ምን ይረባል? ግማሹ በስብሷል፣ ግማሹን ንብ አምጥታዋለች፣ የቀረውን ነፋስ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ከዚህ ተነስቶ «አካባቢው እንዲህ ነበር» ማለት ጥንቆላ አይደለም?

ጭቃ_ቀጂ
ለምን_ባይ፣ ስትናደድ ደስ ትላለህ። ግን አንተ የምትወቅሰው የመንደር አፈርን ነው። እኔ የምሠራው የሐይቅ ጭቃ ላይ ነው፤ እዚያ ነገሩ ይለያል።

ሥራው የተጀመረውም መንደር ውስጥ አይደለም። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት በ1916 ክርስቲያኒያ ላይ፣ ማለትም በዛሬዋ ኦስሎ፣ ባቀረበው ንግግር የረግረግ ብናኝን በመቶኛ ቆጥሮ ከታች ወደ ላይ በሥዕል አሳየ። የዛፎች መምጣትና መሄድ በአንድ ገጽ ላይ ታየ። በ1941 ደግሞ ዴንማርካዊው ዮሃንስ ኢቨርሰን በዚያው ዘዴ ገበሬን አገኘ። የዛፍ ብናኝ ድንገት ይወርዳል። ሣር ይነሳል፤ የእህል ብናኝና ጎርጠብ ብቅ ይላሉ። ጎርጠብ ከብት በሚግጥበትና ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ የሚወጣ ተክል ነው። ከዚያ በርች የሚባል ዛፍ ይመጣል፤ በመጨረሻ ደኑ ይመለሳል። ኢቨርሰን ይህን «ገበሬዎች ደን መንጥረው አርሰው፣ ግጦሽ አድርገውት፣ ትተውት ሄዱ» ብሎ አነበበው።

«የድንጋይ መጥረቢያ ይዞ ማን ደን ይመነጥራል?» ያሉ ነበሩ። መልሱ በ1950ዎቹ ተሞከረ። ድራቬድ የሚባል የዴንማርክ ደን ውስጥ እውነተኛ ጥንታዊ የባልጩት መጥረቢያ ይዘው ዛፍ ቆረጡ፣ አቃጠሉ፣ እህል ዘሩ። ተቻለ።

ሐይቅ የሚሻለው በሁለት ነገር ነው። ከሥሩ አየር የለም፤ ስለዚህ ብናኙ ይጠበቃል። ጭቃው ደግሞ በየዓመቱ በላይ በላይ ይደረባል፤ ቀድሞ የገባው ከታች ነው። ችግሩ ሐይቁ ከመንደሩ ሊርቅ ይችላል። ሐይቁ በሰፋ ቁጥር ብናኝ የሚለቅመው ከሰፊ አገር ነው። ትንሽ ኩሬ ግን የጎረቤቱን ዛፍ ነው የሚነግርህ። «ክልሉ ምን ይመስል ነበር?» ለሚለው ትልቁን፣ «እዚህ ጓሮ ምን ነበር?» ለሚለው ትንሹን ትመርጣለህ። ሁለቱን ማጋጨት ነው ዋናው ጥበብ።

ለምን_ባይ
እሺ፣ ጥንቆላ የሚለውን ለጊዜው ላነሳ። ነገር ግን መቶኛው አሁንም አይዋጥልኝም። ሣር ሲበዛ ዛፍ ይቀንሳል፣ ዛፍ ሲበዛ ሣር ይቀንሳል። ድምሩ ሁሌ 100 ከሆነ ምኑን አውቃለሁ?

ማይክሮን_40
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 100 የዛፍና 100 የሣር ብናኝ የሚረግፍበት ቦታ አስብ፤ ዛፉ 50 በመቶ ነው። ሣሩ ወደ 300 ቢያድግ ዛፉ 25 በመቶ ይሆናል። አንድም ዛፍ አልተቆረጠም። ሰንጠረዡ ላይ ግን ደን የተጨፈጨፈ ይመስላል።

ለዚህ የሚሆን መላ አለ። ናሙናው ላይ ከመጀመሪያው ቁጥሩ የታወቀ ባዕድ ስፖር እንጨምራለን፤ ብዙ ጊዜ ላይኮፖዲየም ከሚባል ተክል ስፖር የተሠራ እንክብል ነው። ለምሳሌ 10,000 ስፖር ጨምሬ፣ በማይክሮስኮፕ ስቆጥር 100 ስፖርና 300 ጥንታዊ ብናኝ ካገኘሁ፣ ናሙናው ውስጥ ወደ 30,000 ብናኝ ነበር ማለት ነው። መቶኛው የሚሸፍነውን ይሄ ያጋልጣል። የጭቃው ዕድሜ በካርቦን 14 ከተለካ ደግሞ በዓመት ስንት ብናኝ እንደረገፈ ማስላት ይቻላል።

ሌላው ጣጣ ተክሎች እኩል ብናኝ አለመልቀቃቸው ነው። የፓይን ዛፍ ሁለት የአየር ከረጢት ያለው ብናኝ በገፍ ይለቅና በነፋስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይልከዋል። አንድም ፓይን የሌለበት ሜዳ ላይ የፓይን ብናኝ ታገኛለህ። በነፍሳት የሚራባ ተክል ግን ቆጣቢ ነው። ከሱ ሦስት ፍሬ ካገኘህ ተክሉ እዚያው አጠገብ ነበር ብትል አትሳሳትም፤ ንቧን ካስወጣሃት በኋላ ነው ታዲያ።

የአፈር_ልጅ
ዓምዶቹን አየሁ። ላይኛዎቹ ናሙናዎች ላይ ምንነቱ ያልታወቀው ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። የፈርን ስፖር በርከት ብሏል። በግራም ያለው ብዛት ከታችኞቹ ጋር ሲነጻጸር በጣም ወርዷል። ይሄ እኮ ሰንጠረዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሁላችንም የተክል ስም ያለበትን ዓምድ ብቻ ነው ያነበብነው።

ሌላ ጥያቄ ልድገም። አንደኛው ናሙና ላይ «የእህል ዓይነት» ተብሎ ከፍ ያለ ቁጥር አለ። ከአንድ ቤት ወለል የተወሰደ ነው። ቢያንስ እርሻ አጠገባቸው ነበር ለማለት አይበቃም?

ማይክሮን_40
ሥዕሉ ግልጽ ሆነ። ላይኛው ናሙና በአብዛኛው የመበስበስ ታሪክ ነው። ስለ ደኑ መናገር የሚችሉት የታችኞቹ ናቸው፤ እነሱም በጥንቃቄ።

እህሉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ «የእህል ዓይነት» እንዴት እንደተለየ ጠይቂ። የሣር ወገን ብናኝ ሁሉም አንድ ይመስላል። እህሉን ከዱር ሣር የምንለየው በዋናነት በመጠን ነው፦ ከ40 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ ከሆነና ቀዳዳዋን የከበበው ቀለበት ወፍራም ከሆነ እህል እንላለን። ስሜን አሁን አወቃችሁት። ግን የዱር ሣር ሆነው ይህን ያህል ትልቅ ብናኝ ያላቸው አሉ፤ በተለይ በቅርብ ምሥራቅ። ብናኙ የተቀመጠበት ፈሳሽም ያታልላል፤ ግሊሰሪን ውስጥ ያበጠው ሲሊኮን ዘይት ውስጥ ካለው ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ስንዴና ገብስ ራሳቸውን በራሳቸው ነው የሚያዳቅሉት። ብናኛቸው ከገለባው ብዙም አይወጣም። ከማሳው ጥቂት ርቀህ ብትሄድ እንኳ ላታገኘው ትችላለህ። ታዲያ መቼ ነው የሚለቀቀው? ሲወቃ። አውድማ ላይ፣ እህል በሚፈተግበትና በሚከማችበት ቤት፣ ገለባ በተነጠፈበት ወለል፣ ከብት ገለባ በልቶ በጣለው እበት ውስጥ። ስለዚህ ቤት ወለል ላይ የበዛ የእህል ብናኝ «እህል እዚህ ገባ፣ ተሠራበት» ይላል። ማሳው የት እንደነበር አይናገርም። ራይ የሚባለው እህል ብቻ ለየት ይላል፤ በነፋስ ስለሚራባ ከሩቅም ይመጣል።

ዝምተኛ_አንባቢ
ብዙ ጊዜ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን አላስችል አለኝ። ብናኝ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሲታወቅ ምን ያህል እንደሚናገር አንድ ምሳሌ ላምጣ።

ኢየሩሳሌም አጠገብ ራማት ራሔል የሚባል ቦታ አለ። ቤተ መንግሥትና የአትክልት ቦታ ነበረበት። አፈሩን መረመሩ፤ ብናኙ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የሚረባ ነገር የለም። እነ ዳፍና ላንጉት ምን አደረጉ? የውሃ ገንዳዎቹን ግድግዳ ልስን ንብርብር በንብርብር ፋቁ። ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ በነፋስ የመጣ ብናኝ ተጣብቆበት፣ ሲደርቅ ታሽጎ ቀርቷል። በ2013 ያወጡት ውጤት አንዱ ንብርብር ላይ ትርንጎ፣ አደስ፣ አኻያ፣ የሊባኖስ ዝግባ፣ ዋልነት አገኘ። ዘመኑ የፋርስ አገዛዝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው እስከ 4ኛው መቶ ዓመት ነው። ዝግባውና ትርንጎው በዚያ ተራራ ላይ በራሳቸው የሚበቅሉ አይደሉም፤ ከሩቅ አምጥቶ ያስተከላቸው ባለሥልጣን አለ።

ልብ በሉ፣ ትርንጎ ቆጣቢ ተክል ነው። ብናኙ ከሩቅ አይነፍስም። ልስኑ ውስጥ መገኘቱ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ነበር ያሰኛል።

ቁፋሮኛው
ግሩም ምሳሌ! በዚያው ኤትሲን ላንሳ። በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው። መጀመሪያ ላይ በመጸው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው የሞተው ይባል ነበር። ክላውስ ኦግል አንጀቱ ውስጥ ሆፕ ሆርንቢም የሚባል ዛፍ ብናኝ አገኘ። ቅርፊቱ ብቻ ቢሆን ብዙም አይደንቅም። ውስጡ ያለው ሕዋስ ሳይበሰብስ ነበር። ማለትም ብናኙ ከዛፉ እንደረገፈ ትኩስ ሳለ ነው በውሃ ወይም በምግብ የገባው። ዛፉ የሚያብበው በፀደይ ሲሆን የሚበቅለውም ከተራራው በታች፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውየው በአበባ ወቅት ከሸለቆ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞቷል። አንጀቱ ከላይ እስከ ታች የተለያየ ከፍታ ተክል ብናኝ ስለያዘ የመጨረሻ ቀናት መንገዱን እስከመከተል ደርሰዋል።

ለምን_ባይ
ኧረ ይሄስ ወንጀል ምርመራ ነው። የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ ስለሆኑት ማያዎችስ? ኮፓን ከተማ የወደቀችው ደኗን ጨርሳ ነው የሚል አንብቤያለሁ፤ ማስረጃው ብናኝ ነበር።

ጭቃ_ቀጂ
ነበር። ቀድሞ ሆንዱራስ ውስጥ ከኮፓን አካባቢ የተወሰደ አጭር የጭቃ ዓምድ (በቱቦ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የጭቃ ናሙና) ላይ ተመሥርተው፣ ከተማዋ ደኗን ስለመነጠረች ወደቀች የሚል ንባብ ቀረበ። በ2010 እነ ካሜሮን ማክኒል ከዚያ የረዘመ፣ ብዙ ዘመን የሚሸፍን ዓምድ መርምረው ተቃራኒውን አገኙ። እ.ኤ.አ. ከ400 እስከ 900 ገደማ፣ ማለትም ከተማዋ ስታብብም ስትወድቅም፣ የዛፉ ብናኝ እየጨመረ ነበር። የባሰው ምንጠራ ከዚያ በፊት ነው። አጭሩ ዓምድ የታሪኩን መጀመሪያ ስላልያዘ ማወዳደሪያ አልነበረውም።

ይህ ማለት ምንጠራ የትም ጥፋት አላመጣም ማለት አይደለም። ራፓ ኑይ (ኢስተር ደሴት) ላይ ጆን ፍሌንሊ ከእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቆች ባወጣው ጭቃ፣ ዛሬ ዛፍ አልባ የሆነችው ደሴት አንድ ጊዜ ዘንባባ የሞላባት እንደነበረች አሳይቷል። ዘንባባው መጥፋቱ አያከራክርም። ማን አጠፋው፣ ምን ተከተለ የሚለው ነው ዛሬም የሚያጨቃጭቀው፤ ያንን ብናኝ ብቻውን አይፈታውም። የከሰል ፍርፋሪ ሲጨመር እሳት እንደነበር ታያለህ። በእበት ላይ የሚበቅል ፈንገስ ስፖር ሲጨመር ደግሞ ከብት ወይም የዱር እንስሳ እንደነበር ታውቃለህ። እነዚህ ከብናኙ ጋር እዚያው መስታወት ላይ አብረው ይቆጠራሉ።

የአፈር_ልጅ
በሚመጣው የቁፋሮ ወቅት እኛም ናሙና እንወስዳለን ተብሏል። ጋሽ ማይክሮን፣ ቁፋሮኛው፣ እባካችሁ እንዳናበላሽ ምን እናድርግ?

ቁፋሮኛው
አየሩ ራሱ ብናኝ የሞላበት ነው፤ ከዚያ ጀምሪ። ግድግዳውን በፋቅሽበት ቅጽበት ናሙናውን ውሰጂ፤ ነገ እመለሳለሁ ብለሽ አትተዪው። ስትፍቂ በአግድም ፋቂ። ከላይ ወደ ታች ከፋቅሽ የላዩን ዘመን ታችኛው ላይ ትቀቢዋለሽ። ናሙናውን ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ውሰጂ፤ የሚረግፈው አፈር ገና ያልነካሽውን እንዳይበክል። ማንኪያሽን በየናሙናው መሃል በተጣራ ውሃ እጠቢ። ወዲያው አሽጊ፤ ዕለቱን ጻፊ፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጪ፤ ካልሆነ ሻጋታ ይወጣበታል።

የንብ ወይም የአይጥ ጉድጓድ ያለበትን ቦታ ሽሺ። ከፈለግሽ ጉድጓዱን ለብቻው ናሙና ውሰጂበት፤ ማወዳደሪያ ይሆናል። ዛሬ ከሚረገጠው መሬት ላይም አንድ ውሰጂ። ያንን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። ዛሬ በዙሪያሽ ያለው ተክል በብናኝ ሲቆጠር ምን እንደሚመስል ካላወቅሽ የጥንቱን በምን ትለኪዋለሽ?

ማይክሮን_40
ሁሉንም ብሎታል። እኔ የምጨምረው ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ መደርደር ጥሩ ነው፤ ግን የታሸገውን ፈልጉ። ከወደቀ ድንጋይ ሥር ያለ አፈር፣ ተገልብጦ የቀረ ማሰሮ ውስጥ ያለ፣ የተደረመሰ ግንብ የሸፈነው ወለል፣ የጉድጓድ ውሃ ታች ያለ ጭቃ። ብናኙ የገባበትና የተዘጋበት ጊዜ የሚታወቅ ቦታ ሁሉ ከአሥር የግድግዳ ናሙና ይሻለኛል። አቅም ካለ ደግሞ በአቅራቢያ ካለ ረግረግ አንድ ዓምድ አውጡ።

የአፈር_ልጅ
ወፍጮ ድንጋዮች ይወጣሉ ብለን እንጠብቃለን። ከነሱስ ይገኛል?

ማይክሮን_40
ይገኛል። የተፈጨበት ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጣበቀውን አፈር ለይተሽ ውሰጂ፤ ቀጥሎ የድንጋዩን ስንጥቆች በተጣራ ውሃ እጠቢና ውሃውን ያዢ። ከጎኑ ካለው ተራ አፈርም ናሙና ይኑርሽ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ድንጋዩ የነገረሽ ነገር የለም። እጣቢው ላይ ብቻ የበዛ ካለ እሱን ያዢ።

የአፈር_ልጅ
ባለፈው ዓመት የወጡና በቧንቧ ውሃ ተፈግፍገው የታጠቡ አሉ። እነሱስ?

ቁፋሮኛው
እነሱን ለፎቶ።